ዘበኛው ሲከሳ

ሰው በዚህ አገር በምን በምን እንደሚተዳደር ብታውቁ ትገረማላችሁ። የሰው ውሻ በማንሸራሸር የሚኖር አለ። የሰው ቁምሳጥን በማደራጀት ልጆቹን ኮሌጅ ያስተማረ አለ። እኔ ደግሞ የሚከፈለኝ ወፍሬ ስለቆምኩ ነበር። ቀልድ አይምሰላችሁ፤ በውል፣ በፊርማ፣ ታክስ እየተቆረጠበት።

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበርኩ፣ ያውም ፕሮፌሽናል። እኛ ፉትቦል ሲባል የሚታየን በእግር የሚለጋው ነው፤ ይሄኛው በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ሰው ከሰው እንደ ኮርማ የሚላተምበት ነው። ኳሱን የሚወረውረው ልጅ ኳርተርባክ ይባላል። መልከ መልካም ነው፣ ሀብታም ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ጥርሱን የሚያሳየው እሱ ነው። ከሱ ፊት ግን ግድግዳ የሚያካክሉ አምስት ሰዎች ይደረደራሉ፤ ላይንማን ይባላሉ። ሥራቸው አንድ ነው። ከወዲያ በኩል እንደ እብድ የሚመጡት ግዙፎች ልጁ ዘንድ እንዳይደርሱ መከልከል፣ በቃ። እኔ በተጫዋችነት ዘመኔ ሁሉ ኳሷን የነካኋት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ተንከባልላ መጥታ እግሬ ሥር ስትቆም አንስቼ ለዳኛው የሰጠሁ ለት።

ይሄን ለአበሻ አስረዱ እስቲ! በምኖርባት ኦክላንድ ጸጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ በየወሩ ይጠይቀኛል።

«ስንት ጎል አገባህ?»

«አላገባሁም።»

«አመቻችተህስ?»

«አላመቻቸሁም።»

«ታዲያ ለምን አይቀይሩህም?»

እማዬ ትሻላለች። አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ካስረዳኋት በኋላ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲህ ዘበኛ ነህ ማለት ነው» አለች። እውነቷን ነው። እንዲያውም የምቆምበት ቦታ ስሙ ጋርድ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ቸርች ውስጥ ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ጋርድ ነው» ትላለች። ሴኩሪቲ የሚሠራ አንድ ወንድማችን እሑድ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ዴይ ሺፍት ነህ ናይት?» ብሎኛል። እንደ ጨዋታው ነው አልኩት። በርታ፣ የናይቱ የተሻለ ይከፍላል አለኝ።

ስለ ኳሱ እንጂ ስለ መብላቱ ግን ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም። ላይንማን ከቀለለ ይገፋል፣ ስለዚህ ይበላል። ክለቡ ውስጥ ሥራው እኔ ስበላ ማየት ብቻ የሆነ ሰው ነበር፤ ሚዛን ላይ ያወጣኛል፣ ከቀነስኩ ይቆጣኛል። ይሄን ለእማዬ ስነግራት ቆማ እልል አለች። ስንት ዘመን «ብላ፣ ብላ» ስትል የኖረች ሴት ድንገት መንግሥት ከጎኗ የቆመ መሰላት። «አገር ማለት ይሄ ነው!» አለች። ጠዋት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ ጨጨብሳ፣ ምሳ አልናገርም። እውነት ለመናገር እኔም አላስቸገርኳትም።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ባንድ ላይ ጉልበቴ ላይ ወደቁ። ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። እኔም ተከተልኩትና ሳን ሆዜ አንድ ሃይስኩል ውስጥ የላይንማኖች አሰልጣኝ ሆንኩ። ሥራው እንዲህ ተቀየረ፤ ሆዴ ግን አልተነገረውም። እሱ አሁንም በድሮው ውል እየበላ ነው።

አሰልጣኝነት ደግሞ በአፍ ብቻ አይሆንም። ላይንማን ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዝቅ ይላል። እግሩን ከፈት፣ መቀመጫውን ዝቅ፣ ጀርባውን ልክ እንደ ጠረጴዛ፣ አንድ እጁን ሣሩ ላይ። ይሄን ወርደህ ካላሳየኸው ልጅ አይገባውም። እኔ የማስተምረው ግን ኩለር በሚሉት የውሃ ማቀዝቀዣ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ኩለሩም በቃኝ ብሎ ተሰነጠቀ።

ዋናው አሰልጣኝ ኮች ሬይ ይባላል፤ ዕድሜውን በሙሉ ሜዳ ላይ የጨረሰ፣ ጢሙ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከተሰነጠቀው ኩለር ላይ አየኝና አጠገቤ ቆመ።

«ትልቁ ሰውዬ» አለኝ፤ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «እወድሃለሁ። ግን ዝቅ ማለትን ከተቀመጠ ሰው አይማሩም። ለሚቀጥለው ሲዝን የሚንቀሳቀስ ሰው ነው የምፈልገው። አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።»

በነጋታው በርክሌ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉልበቱ በኦፕሬሽን ይስተካከላል አለች ዶክተሯ፣ ነገር ግን በዚህ ክብደት ማንም አይነካህም። ደግሞ፣ አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ጉልበትህ አይደለም። ልብህ ነው። እንደዚህ ሆነህ ከቀጠልክ ብዙ አትሄድም። መቶ ፓውንድ ቀንስ።

መቶ ፓውንድ ማለት እንግዲህ ሰው ነው። እማዬ ራሷ ከነጫማዋና ከነነጠላዋ ብትመዘን ከመቶ ብዙም አትዘልም። እናቴን የምታህል ከላዬ ላይ ማውረድ ነበረብኝ ማለት ነው፣ ያውም እናቴ እያየች።

ቆረጥኩ። እኔ አንዴ ከቆረጥኩ ዓለም አይመልሰኝም። ስንቱን ግዙፍ በደረቴ ያቆምኩ ሰውዬ አንዲት ሳህን ማቆም ያቅተኛል? አልኩ።

አቃተኝ።

ከእማዬ ጋር ኦክላንድ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እኔ ከሷ ጋር እኖራለሁ እላለሁ፣ እሷ ደግሞ እሱ ነው ከኔ ጋር የሚኖረው ትላለች፣ ነገሩ አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ ሳህኔን ገፋ አድርጌ «ጠገብኩ» አልኩ። እማዬ ወጡን በጭልፋ እንዳንጠለጠለች ቆመች።

«በሞቴ!»

ይቺን ቃል ታውቋታላችሁ። ፓስተራችን መሐላ ኃጢአት ነው ብለው ስንት እሑድ ሰብከዋል፣ እማዬም ከፊት ወንበር ሆና «አሜን» ብላለች።

«እማዬ፣ ፓስተሩ ምን አሉ?»

«እሳቸው ያሉት ስለ መሐላ ነው። ይሄ ግብዣ ነው። በሞቴ ይቺን ብቻ!»

ይቺን ብቻ በላሁ። ከዚያ «ይቺን ብቻ» ቀጥላ ሌላ «ይቺን ብቻ» መጣች። በሚቀጥለው አፖይንትመንት ለዶክተሯ ላስረዳት ሞከርኩ። «እናቴ ካልበላሁ ሞቷን ትጠራለች» አልኳት። «በየስንት ጊዜው?» አለችኝ ደንግጣ። «እንደ ምግቡ ነው። ዶሮ ከሆነ አራት አምስት ጊዜ።» ዶክተሯ ብዕሯን አስቀምጣ ለእናትህ ይሁን ብላ የካውንስለር፣ የምክር ሐኪም፣ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ቁጥሩን ለእማዬ አልሰጠኋትም። ለሰውዬው አዝኜለት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ይዛለት ትሄድና እሱም ወፍሮ ይቀር ነበር።

ኦርቶዶክስ ብሆን እኮ ግማሹን ዓመት «ጾም ነው» ብዬ አመልጥ ነበር። ጴንጤ ሆኜ ሰበብ አጣሁ። ይሄን ምሬቴን ከታችኛው ፎቅ ለሚኖሩት ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚጎትት ትራክ ይነዳሉ። «አብሽር!» አሉኝ። «ረመዳን ገብቷል፤ ከኛ ጋር ጹም። እናትህም የጎረቤት ሃይማኖት ታከብራለች።»

ጾምኩ። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ዋልኩ፣ በራሴ ኮራሁ። ጀምበር ስትጠልቅ ጋሽ ሰይድ ጠሩኝ። ቴምር ቀረበ። ሾርባ ቀረበ። ሳምቡሳው እንደ ክምር ድርቆሽ ተቆልሎ መጣ። ሁለት በልቼ እጄን ስሰበስብ ባለቤታቸው ከበሩ ጋ ቆሙና፣ «ወላሂ ይሄን ሳትጨርስ ከዚህ ቤት አትወጣም!» አሉ። በሞቴን ሸሽቼ ወላሂ እጅ ላይ ወደቅኩ። ቀን የቆጠብኩትን ማታ ከነወለዱ መልሼ፣ ደረጃውን እያቃሰትኩ ወጣሁ።

ያኔ ነው ብልሃት ያመጣሁት። እማዬ የምትቋጥርልኝን ምሳ ይዤ ሳን ሆዜ እወርዳለሁ፤ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተደብቄ ሰላጣዬን እበላለሁ፤ የእማዬን ምሳ ደግሞ ለላይንማን ልጆቼ እሰጣለሁ። ማታ ባዶውን ምሳ ዕቃ ስመልስላት «ጎሽ የኔ ልጅ!» ትላለች። ልጆቹ ፋፉ። መጀመሪያ ምንድነው ብለው የሸሹት ሁሉ ሳምንት ሳይሞላ «ኮች፣ ዛሬ ፍርፍር ነው?» ማለት ጀመሩ። የአንዱ እናት ደውላ ልጄ ቤት ያለውን ምግብ አልበላም አለኝ፣ ፍርፍር የሚባለው ነገር የት ነው የሚሸጠው ብላኛለች።

እኔም ቀነስኩ። እግዜር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ ግን ሰው አየኝ።

የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ስትወፍር «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» ነው። ስትከሳ ግን እጅህን ይዞ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ፣ ቀስ ብሎ «ደህና ነህ ግን?» ይልሃል። ያቺን «ግን» እፈራታለሁ። መጀመሪያ ያመጧት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ የእህቶች የጸሎት ኅብረት መሪ፣ ደግ ሴት፣ ስልካቸው ከእጃቸው የማይለይ። ቸርች በር ላይ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ደህና ነህ ግን፣ የኔ ልጅ?» አሉ። ደህና ነኝ፣ ዳይት ላይ ነኝ አልኳቸው። «እሺ፣ እሺ» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከጀርባዬ ስልኩ ሲደወል ሰማሁት።

ኦክላንድ ላይ በሽታዬ ስኳር ነበር። መንገድ ላይ ያለችው ኒውአርክ ሲደርስ ኩላሊት ሆነ። ሳን ሆዜ ሲገባ ስሙ የማይጠራው ሆኖ አረፈው። አንድ ቀን ሳን ሆዜ በርበሬ ልገዛ አበሻ ሱቅ ገባሁ፤ ባለሱቁ በርበሬውን ጠቅልሎ ሰጠኝና ሒሳብ አልቀበልም አለ። «ምነው?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላው ደግሞ አንገቴን አቅፎ፣ «አንተ እኮ ግድግዳ ነበርክ!» ብሎ አለቀሰ። ምን ልበለው? አብሬው አለቀስኩ።

እሑድ ደግሞ ፓስተሩ፣ «በመካከላችን አንድ ወንድም አለ፤ ስሙን አልጠራም» አሉ። ቤቱ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ድሮ ሁለት ወንበር ገጥሜ ነበር የምቀመጠው፣ አሁን አንድ ላይ መሆኔ ራሱ ማስረጃ ሆነብኝ። በንዴት ብድግ አልኩና፣ «ወገኖቼ፣ ጤነኛ ነኝ! ሐኪም ነው ቀንስ ያለኝ!» አልኩ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «አያችሁ? እኛን ላለማስጨነቅ እኮ ነው» አሉ። ጸሎቱ ባሰ። በዚያው ሳምንት በራችን ላይ ሰው ተሰለፈ፤ እያንዳንዱ በእጁ ድስት ይዟል፣ እያንዳንዱ በአፉ በሞቴ ይዟል።

እማዬ ግን ዝም አለች። ይሄ ነው ያሳሰበኝ። እሷ ስትጮህ አውቅባታለሁ፣ ዝም ስትል ግን መላ የለኝም። በዚያ ሰሞን ከሳን ሆዜ ዘመድ ጠይቀን ኤይት ኤይቲ በሚሉት አውራ ጎዳና ስንመለስ፣ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ቆሟል፣ ወደ መስኮቱ እንደዞረች ተናገረች።

«አባትህም እንዲህ ነው የጀመረው።»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ቀበቶው ሰፋ። በሚስማር ቀዳዳ በሳለት። እኔ ሞኝ፣ አማረብህ አልኩት።»

አባቴ የሞተው እዚሁ ኦክላንድ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ከስቶ ከስቶ ነው የሞተው። በዚያ ቀን ጠዋት እኔም ቀበቶዬን በሚስማር በስቼ ነበር፤ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ነው የበሳሁት፣ አይታለች ማለት ነው። ለካ እናቴ በጭልፋ የምታሳድደኝ ወጥ ይዛ አልነበረም።

«እማዬ፣ የሱ በሽታ ነው። የኔ የሐኪም ትእዛዝ ነው። ካልቀነስኩ ነው የምሞተው።»

«የወለድኩህ እኔ ነኝ፣ ሐኪሟ አይደለችም።»

በቃ። እዚያ ላይ ቆምን፣ መኪናውም እኛም። እሷ ከከሳሁ እሞታለሁ ብላ ፈርታለች፣ እኔ ካልከሳሁ እሞታለሁ። ተረቱ ሁለት ያጣ ጎመን ይላል፤ እኔ እንኳን ሁለት አንድም ማጣት አልፈልግም፣ ሕይወቴንም እናቴንም። ስለዚህ እየወደድኳት እንቢ ማለቴን ቀጠልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ኮች ሬይ ጠራኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ አሳየኝ» አለ። «ልጆቹ ፊት ውረድ፣ ተነሳ። ይሄን ከቻልክ ኦፕሬሽንህ እስኪያልቅ ቦታህን እጠብቅልሃለሁ። ካልቻልክ ሌላ ሰው ማናገር አለብኝ።» ከመቶው ፓውንድ ገና የቀረኝ ነበር። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት መጣሁ፤ ምሳ ዕቃዬን ዘግቼ፣ ቀበቶዬን አጥብቄ።

ልጆቹ በግማሽ ክብ ቆሙ። ኮች ሬይ እጁን አጣምሮ ዳር ላይ ቆመ። እግሬን ከፈትኩ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ተንቋቋ። ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ጣቶቼ ሣሩን ነኩ። ከስንት ዘመን በኋላ ታች ነኝ! ልጆቹ አጨበጨቡ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ይሄኔ ቀና ስል ምን ልይ? ከፓርኪንጉ በኩል ነጭ ሰልፍ ይመጣል። እትዬ ብርቄ ከፊት፣ የጸሎት ኅብረቱ ሴቶች ከኋላ፣ ሁሉም በነጠላ፣ ድስትና ሳህን በእጃቸው፤ መሐል ላይ እማዬ። በሽተኛው ቤቱ ካልተገኘ ያለበት ድረስ ሄዶ ይጠየቃል ብለው በሁለት ቫን መጥተዋል። የሜዳውን መስመር ረግጠው በቀጥታ ወደኛ ገቡ።

«እነማን ናቸው?» አለ ኮች ሬይ።

«ሊጠይቁኝ መጥተው ነው።»

«ምን ሆነህ?»

«ከሳሁ።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔንና ነጠላዎቹን እያፈራረቀ ያያል። አሁን እንግዲህ የአስተዳደግ ነገር መጣ። ትልቅ ሰው መጥቶ አንተ ታች ሆነህ አትጠብቅም፤ ትነሳለህ። ይሄን ማንም ቆሞ አላስተማረኝም፣ አጥንቴ ውስጥ ነው ያለው። እናቴን የሚያህሉ ሴቶች በሙሉ ወደኔ ሲመጡ ጉልበቴን ሳላማክር ብድግ አልኩ። ጉልበቴ ግን አልመጣም። በአፍንጫዬ ሣሩ ላይ ተደፋሁ።

«ወደቀ!»

«ኢየሱስ!»

«አላልኳችሁም? አቅም እኮ የለውም!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ትርምስ ነው። አንዷ እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጫነች፤ ሌላዋ ጀርባዬ ላይ። እትዬ ብርቄ በሙሉ ድምፃቸው ጸሎት ጀመሩ። ልጆቹ ሰው የሞተ መስሏቸው ሄልሜታቸውን አወለቁ። እኔ አፌ ሣር ሞልቶት «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ! መጨረሻ ላይ ከላይንማን ልጆቼ አራቱ፣ በእማዬ ፍርፍር የፋፉት፣ ሁለቱ ከብብቴ ሁለቱ ከወገቤ ይዘው እያቃሰቱ አቆሙኝ።

እማዬ ድስቷን ታቅፋ ቆማ ታያለች። አልጮኸችም፣ አልጸለየችም።

ስለ እማዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜዋን በሆምኬር ነው የሠራችው፤ በርክሌና ኦክላንድ ውስጥ የሰው አባት፣ የሰው እናት ከአልጋ ስታነሳና ስታስተኛ ነው የኖረችው። ከባድ ሰው ሲወድቅ ምን ማለት እንደሆነ ወገቧ ያውቀዋል።

«ስንት ሆነው ነው ያነሱህ?» አለችኝ።

«አራት።»

ልጆቹን አየቻቸው። እያንዳንዳቸው የሷ ሦስት እጥፍ ናቸው፤ አሁንም ያለከልካሉ።

«ቤት የወደቅክ ለትስ?» አለች። «እኔ እኮ አንድ ነኝ።»

እትዬ ብርቄ ግን ጸሎቱን ጨርሰው፣ ድስቱን ከፍተው፣ እጃቸውን ታጥበው ደርሰዋል። ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ መጡ።

«አቅም አጥቶ ነው የኔ ልጅ! በሞቴ ይቺን! በሞቴ!»

ያኔ እማዬ ድስቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። በመሐላችን ገባች። እግሯን ከፈተች፣ ዝቅ አለች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አይጎርስም።»

«ምን አልሽ?»

«አይጎርስም አልኩ፣ ብርቄ። ከዚህ አታልፊም።»

እትዬ ብርቄ በቀኝ ሊዞሩ ሞከሩ፤ እማዬ በቀኝ ተንሸራተተች። በግራ ሞከሩ፤ በግራ አገኟት። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ዓይኗ ሞልቶ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ተናገረች።

«በሞቴ አትብላ!»

ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ያዙ። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ አበሻ ካለ ይንገረኝ።

«ማናት?» አለ ኮች ሬይ በሹክሹክታ።

«እናቴ ናት።»

«ቁመቷ አጠረ እንጂ ዛሬውኑ አስፈርማት ነበር» አለ፤ ቀጥሎም ልጆቹን፣ «እግሯን አያችሁ? ወሩን ሙሉ ስለምን ነው የማወራው?» ብሎ ጮኸባቸው።

እማዬ ግን ከኔ ጋር ነው ጉዳይዋ። «ሰውዬው ምን አድርግ ነው ያለህ?» አለችኝ። ወርደህ ተነሳ ነው ያለኝ አልኳት። «እና ወረድክ፣ አልተነሳህም። ድገመው።»

«እማዬ፣ ጉልበቴ…»

«ድገመው!»

ወረድኩ። ጣቴ ሣሩን ነካ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መነሳቱ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ልጆቹ ሊይዙኝ ዘለሉ፣ ሴቶቹም «እንርዳው!» አሉ። «ተዉት!» አለች እማዬ። «ማንም እንዳይነካው! ራሱ ይነሳል!» ጥርሴን ነከስኩ። አባቴን አሰብኩ፣ ቀበቶውን አሰብኩ፣ እኔ እኮ አንድ ነኝ ያለችውን አሰብኩ። ግማሽ ላይ ቆምኩ፣ ወደኋላ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። አልመለስም አልኩ። ተነሳሁ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ብቻዬን፣ አፍንጫዬ ላይ ሣር ተለጥፎ።

ኮች ሬይ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ከኦፕሬሽኑ ስትመለስ እንገናኛለን፣ ትልቁ ሰውዬ» አለ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ዞር አለች። የመጣው ምግብ ምን ሆነ ብትሉ፣ ልጆቹ አንድ እህል አላስተረፉም፤ የዚያን ቀን ልምምድም እዚያው ላይ አበቃ፣ ያን የሞላ ሆድ ይዞ የሚሮጥ ጠፍቶ።

ቀሪውን ፓውንድ አወረድኩ። ኦፕሬሽኑንም ተደረግኩ። አሁን ወርጄ እነሳለሁ፣ በቀን ስንቴ እንደሁ እንጃ፣ ዶክተሯም ስለ ልቤ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ማድረግ ትታለች።

ግን አልተረፍኩም። ከምርኩዝ ወርጄ ቸርች በሄድኩበት እሑድ እትዬ ብርቄ ማይኩን ያዙና መሰከሩ። «ሜዳ ላይ በዓይናችን ፊት ወደቀ፣ ጸለይን፣ ተነሳ!» አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም አሜን አልኩ፤ ወድቄ መነሳቴ መቼም ውሸት አይደለም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አዳራሹ ውስጥ ምን ጠበቀኝ? የምስጋና ድግስ። ድፎ ዳቦ፣ ክትፎ፣ ስሜ የተጻፈበት ኬክ። «እንግዲህ ድኗል፣ ይብላ!» ብለው ከሦስት አቅጣጫ መጡብኝ።

ወደኋላ ልሸሽ ስል ከፊቴ አንዲት ትንሽ ጀርባ ቆመች፣ በነጠላ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስከልል ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የኖርኩት፤ ከኋላ ሆኖ የሚከለለው ሰው ምን እንደሚሰማው አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ሚሊየነር ኳርተርባክ ለካ እንዲህ ደልቶት ነው የኖረው። እትዬ ብርቄ ኬኩን ከነጠላቸው ሥር ደብቀው በግራ በኩል ሊያልፉ ሞከሩ፤ እማዬ ሳትዞር በክርኗ አገኘቻቸው።

ያ ሴኩሪቲ የሚሠራው ወንድማችን ሳህኑን ይዞ ቆሞ ያይ ነበር። ወደኔ ጠጋ አለና፣ «አንተ፣ ጋርዱ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ወጥቻለሁ» አልኩት። «አሁን እሷ ናት። ዴይ ሺፍቱንም ናይት ሺፍቱንም።»